በ70 ሺህ ብር ጌም የሚያስኬድ፣ ተሸክመውት የሚመላለሱበት ላፕቶፕ (ደሴ/ኮምቦልቻ)

ዶሮ_መዝለያ፦

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ቤተሰብ ደሴ፣ መናፈሻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ እወጣለሁ፣ ሰኞ ጠዋት እወርዳለሁ። ስለዚህ የምገዛው ላፕቶፕ ቀለል ቢል ደስ ይለኛል። ጓደኛዬ አንድ የድሮ ጌሚንግ ላፕቶፕ አለው። ቻርጀሩ ብቻ ጡብ ነው የሚያክለው።

መጫወት የምፈልገው ኤፍሲ 24፣ ጂቲኤ 5፣ አንዳንዴ ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። ለትምህርት ደግሞ ሶሊድዎርክስና አውቶካድ የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች የግድ ናቸው። እጄ ላይ ያለው 70 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ በላይ አምስት ሳንቲም የለኝም። በዚህ ብር አዲስ ጌሚንግ ላፕቶፕ እንደማይታሰብ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ዶላሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለብኝም። ምን ልግዛ? ምን ልጠንቀቅ?

ሆጤ10፦

70 ሺህ ይዘህ ላፕቶፕ? ፒኤስ 4 ግዛ ወንድሜ። ሁለት ጆይስቲክ ጨምርበት፣ በተረፈችው ጥብስ ብላባት።

ዶሮ_መዝለያ፦

ፒኤስ 4 ሶሊድዎርክስ ይከፍታል?

ሆጤ10፦

በቃ አልተናገርኩም ሃሃሃ።

ሰኞ_ገበያ፦

ኮር አይ 7፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512፣ ግራፊክስ 8 ጊጋ። በጣም ፍሬሽ ነው፣ ጭረት የለውም። 62 ሺህ፣ መጠነኛ ድርድር አለው። ኢንቦክስ አድርግልኝ።

የጦሳ_ጥላ፦

ወንድሜ፣ የግራፊክስ ካርዱን ስም ጻፍልን እስኪ።

ሰኞ_ገበያ፦

ኢንቴል ነው። ግን 8 ጊጋ ነው፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ልላክልህ እችላለሁ።

የጦሳ_ጥላ፦

ፎቶው አይዋሽም፣ አነባበቡ ነው። ፒያሳ ላፕቶፕ ስጠግን ነው የምውለው፣ ይሄን "8 ጊጋ ግራፊክስ" በየሳምንቱ ነው የምሰማው። ልጁ እንዳይሸወድ ትንሽ ልዘርዝረው።

ዊንዶውስ ላይ ዲኤክስዲያግ ብለህ ጽፈህ ክፈት። ዲስፕሌይ የሚለውን ገጽ ስትነካ የሜሞሪ ቁጥሮች ታያለህ። ላይ ያለው ጠቅላላ ድምሩ ነው። ካርዱ የራሱ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከራሙ ሊበደር የሚችለውንም ጨምሮ ነው የሚያሳይህ። 16 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ የኢንቴል ግራፊክስ 8 ጊጋ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥሩ "ቪራም" የሚለውን እይ፣ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋ ብሎ ቁጭ ይላል። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ ነው ያልኩት።

ኮር አይ 7 የሚለው ተለጣፊም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችውን ፊደል ተመልከት። "ዩ" ከሆነ ፕሮሰሰሩ 15 ዋት ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነው፣ ባትሪ ለመቆጠብ። "ኤች" ከሆነ 45 ዋት ነው። ለአንድ ሰዓት ጌም ስትጫወትበት ፍጥነቱን ይዞ የሚቆየው ይሄ ነው። 8ኛ ትውልድ አይ 5 ኤች ከ8ኛ ትውልድ አይ 7 ዩ ይሻልሃል። ተለጣፊው ግን ተቃራኒውን ያስመስለዋል፣ ሻጭም የሚያነብልህ እሱን ነው።

ከዚያ የካርዱ ስም። ኤንቪዲያ አለው ሲሉህ ቶሎ አትደሰት። ኤምኤክስ 150፣ ኤምኤክስ 250፣ ኤምኤክስ 350 የሚባሉት ኤንቪዲያ ናቸው፣ ግን ለቀጭን የቢሮ ላፕቶፕ የተሠሩ አነስተኛ ካርዶች ናቸው። አንተ የምትፈልገው ከጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ጀምሮ ነው። ኤፍሲ 24 ራሱ ዝቅተኛ መስፈርት ብሎ ያስቀመጠው እሱን ነው፤ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ፣ ራም 8፣ ዲስክ ላይ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ።

ግን እኔ 1050 ቲአይ ግዛ አልልህም። ምክንያቱን ልንገርህ። 1050፣ 1060፣ እንዲሁም ኳድሮ የሚባሉት የባለሙያ ካርዶች ፒ1000 እና ፒ2000 ፓስካል የሚባለው ትውልድ ናቸው። ኤንቪዲያ ለእነሱ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣላቸው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። በዚያው ወር ዊንዶውስ 10ም ድጋፉ ተቋርጧል፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4፣ 2018። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ 7ኛ ትውልድ ከ1050 ጋር በርካሽ ሲያቀርቡልህ በሁለት በኩል ያረጀ ዕቃ ነው የምትገዛው። ዛሬ ይሠራል፣ ጂቲኤ 5ንም ያጫውትሃል። ግን አንተ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ልትማርበት ነው።

በአንተ ብር ልትፈልግ የሚገባህ ቱሪንግ የሚባለውን ትውልድ ነው። 1650 ማለት ነው፣ ወይም ዘመዶቹ። ዕድል ካለህ አርቲኤክስ 2050 ወይም 3050። እነዚያ በ70 ሺህ ከተገኙ ግን መጀመሪያ "ምን ሆኖ ነው?" ብለህ ጠይቅ።

ሰኞ_ገበያ፦

አቦ አንተ ገበያ ትዘጋለህ። ሁሉም ሰው ጌም አይጫወትም እኮ። ለቢሮ ለሚፈልግ የኔ ማሽን አሪፍ ነው።

የጦሳ_ጥላ፦

ለቢሮ ከሆነ አሪፍ ነው፣ አልተጣላንም። ማስታወቂያህ ላይ "ግራፊክስ 8 ጊጋ" የምትለዋን አውጣት ብቻ።

ቧንቧ_ውሃ፦

ኢንተግሬትድ (ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ) ሁሉ አይረባም አትበሉ እንጂ። እኔ ራይዘን 5 5500ዩ ነው ያለኝ። ለብቻው የተቀመጠ ካርድ የለውም፣ ጂቲኤ 5 በ720 ፒክስል እየነዳሁበት ነው። ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ቻርጀሩ ኪስ ይገባል። የመጣው በአንድ 8 ጊጋ ራም ነበር፣ ያኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛ 8 ስጨምርበት ሌላ ማሽን ሆነ።

የጦሳ_ጥላ፦

ልክ ነህ፣ ይሄ መነገር አለበት። ኢንተግሬትድ ግራፊክስ የሚበላው ከራሙ ነው። አንድ ዘንግ ራም ሲሆን መንገዱ አንድ ነው፣ ሁለት ሲሆን በሁለት መንገድ ይጫናል። ኢንቴልም እንደዚያው ነው። አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው በአንድ ዘንግ ራም ሲሠራ ስሙ ራሱ ተለውጦ "ዩኤችዲ" ብሎ ነው የሚታየው። ሰዉ "ካርዱን ቀየሩብኝ" እያለ ይመጣል። ሁለተኛ ራም ስትሰካለት አይሪስ ብሎ ይመለሳል።

ግን ልጁ ኤፍሲ 24 ነው ያለው፣ ሶሊድዎርክስም አለበት። ለእሱ አይበቃውም።

ሐይቅ_ዳር፦

ዶሮ መዝለያ፣ እኔ አርክቴክት ነኝ። ሁሉም ሰው "ጌሚንግ" የሚል ስም የተጻፈበትን ላፕቶፕ ነው የሚያባርረው። ዋጋው የሚወጣውም ለዚያ ነው። አንተ ስሙ የሌለበትን ፈልግ።

ወርክስቴሽን የሚባሉ ላፕቶፖች አሉ። ውጭ አገር ኩባንያዎች ለኢንጂነሮቻቸው ይገዟቸውና ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ በጅምላ ያስወግዷቸዋል። ከዚያ በዱባይ ዞረው እኛ ጋ ይመጣሉ። መልካቸው የቢሮ ነው፣ ጥቁር፣ መብራት የለው ምን የለው። ጌመር ዓይኑን አያሳርፍባቸውም። ውስጣቸው ግን ኤች ፕሮሰሰርና ኳድሮ ካርድ አለ።

ከላይ ስለ ፓስካልና ቱሪንግ የተባለው እዚህም ይሠራል። "ፒ" ብሎ የሚጀምረው፣ ፒ1000 እና ፒ2000፣ አሮጌው ነው። "ቲ" ብሎ የሚጀምረው፣ ቲ1000 እና ቲ2000፣ የ1650 ዘመድ ነው። ሁለቱም 4 ጊጋ የራሳቸው ሜሞሪ አላቸው። ቲ2000 በኮር ብዛት ከላፕቶፑ 1650 ጋር እኩል ነው፣ 1024። ቲ1000 768 ነው፣ ትንሽ ያንሳል። እነዚህን የምታገኘው ቲንክፓድ ፒ1 ሁለተኛው ትውልድ ላይ፣ ዴል ፕሪሲዥን 5540 ላይ፣ ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ6 ላይ ነው። ዜድቡኩ ከባድ ነው፣ ለመንገድ እርሳው። ፒ1 ከ1.7 ኪሎ ይጀምራል። ፕሪሲዥኑም ከ2 ኪሎ በታች ነው።

አንተን የሚጠቅም ሌላም ነገር አለው። ሶሊድዎርክስ ላይ ሪልቪው የምትባል ምልክት አለች፣ ብረቱን ብረት የምታስመስል። በይፋ የምትበራው በኳድሮ ዓይነት የባለሙያ ካርድ ነው። ጂቲኤክስ ላይ ደብዝዛ ትቀመጣለች።

ሆጤ10፦

እህቴ ምስጢር አወጣሽ። አሁን የእነሱም ዋጋ ሊጨምር ነው።

ዶሮ_መዝለያ፦

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ቀጭን ከሆነ ግን አይግልም?

ሐይቅ_ዳር፦

ይግላል። እሱን አልደብቅህም። ወፈር ያለው ጌሚንግ ላፕቶፕ ትልቅ ፋንና ትልቅ የሙቀት ማስወገጃ አለው። ቀጭኑ ያንኑ ሙቀት በጠባብ ቦታ ነው የሚያስወጣው። ስትሸከመው ያተረፍከውን ስትጫወትበት በጩኸት ትከፍላለህ።

ሆጤ10፦

ደሴ ላይ ምን ሙቀት አለ? ጦሳን ተደግፈን እየኖርን። ማታ ማታ እጄን የማሞቀው ላፕቶፑ ላይ ነው።

ቦርከና፦

እሱ ላይ ልግባ፣ ኤሌክትሪካል ነው የተማርኩት።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ማለት ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች መግለጫቸው ላይ "እስከ 3,048 ሜትር" የሚል የከፍታ ገደብ የሚጽፉት። 10 ሺህ ጫማ ማለት ነው። እኛ ከዚያ በታች ነን፣ ችግር የለም። ግን "ደሴ ብርድ ስለሆነ አይግልም" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ብርዱ ይረዳል፣ የሳሳው አየር ደግሞ መልሶ ይወስዳል።

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው። አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። አቧራው ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ አብዛኛውን ቀን የሚውለው እዚያ ስለሆነ ፋኑን ማስጠረግ አይርሳ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ጌም መጫወት ደግሞ የትም ከተማ ላይ አይሆንም። አየር የሚስበው ከታች ነው።

የመብራት ነገርም አለ። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ጌም አያጫውትህም። ይከፍታል፣ ግን ካርዱ በሙሉ ጉልበቱ አይሠራም፣ ፍሬሙም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይወርዳል። ባትሪው አንድ ጊዜ ያን ያህል ዋት መስጠት አይችልም። መብራት ሲሄድ ግጥሚያህ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው የሚጠቅምህ። ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ቻርጀሩን በደህና ስታቢላይዘር በኩል ስካው። እኔ ሲጠፋ ነቅዬ፣ ከተመለሰ ትንሽ ቆይቼ ነው የምሰካው።

የገራዶው_አባት፦

ልጆች ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስታወሩ ሳነብ ቆየሁ። የእኔም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። "ለትምህርቴ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ካልሆነ አይሆንም" ብሎ ያዘኝ። የሚማረው አካውንቲንግ ነው። እውነቱን ነው ወይ?

የጦሳ_ጥላ፦

ጋሼ፣ አብሽሩ። ኤክሴልና ፒችትሪ ግራፊክስ ካርድ አይፈልጉም። 8ኛ ትውልድ አይ 5፣ ራም 8፣ ኤስኤስዲ ያለው ደህና የቢሮ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የሚተርፈው ብር ቀላል አይደለም።

ሆጤ10፦

ወይኔ! ልጁን አስበላኸው።

የገራዶው_አባት፦

እግዜር ይስጥልኝ። ኤፍሲ 24 የሚባለው ነገርም አካውንቲንግ ውስጥ አለበት ብሎኝ ነበር።

ሐይቅ_ዳር፦

ሃሃሃ፣ ጋሼ እሱ ኳስ ነው። ግን አይቆጡት፣ ሁላችንም እንደዚያ ብለን ነው ያስገዛነው።

ቧንቧ_ውሃ፦

ካውንተር ስትራይክ ያለው ልጅ ደግሞ ላፕቶፕ ብቻ እንዳይመስለው። የሚቀርቡን ሰርቨሮች ባሕረ ሰላጤውና አውሮፓ ነው ያሉት። በሞባይል ዳታ ፒንጉ (የኔቱ መዘግየት) ሲዘል 3050 ቢኖርህም ተገደልክ። መጫወት የምትችለው ግቢ ኔት ሲያርፍ ነው፣ እኩለ ሌሊት ገደማ።

ዶሮ_መዝለያ፦

ተመልሻለሁ። ስትሉኝ የነበረውን ይዤ ቅዳሜ ደሴ ዞርኩ። ሁለት ዕቃ አገኘሁ።

አንደኛው አራዳ ነው። ጌሚንግ ላፕቶፕ፣ አይ 5 9300ኤች፣ ጂቲኤክስ 1650፣ ራም 8፣ ኤስኤስዲ 256። 69 ሺህ ብለውኛል። ክብደቱ ከቻርጀሩ ጋር ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ሁለተኛው ፒያሳ ነው። ቲንክፓድ ፒ1 ሁለተኛ ትውልድ፣ አይ 7 9750ኤች፣ ቲ1000፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512። 72 ጠርቶ 70 ላይ ቆሟል። ከታች አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ኪቦርዱ ላይ ሁለት ፊደል ተፍቋል። ነገ ጠዋት ልወስን ነው። ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ?

የጦሳ_ጥላ፦

ወረቀት ላይ ሁለተኛው ይሻልሃል። ራሙ እጥፍ፣ ዲስኩ እጥፍ፣ ፕሮሰሰሩ ስድስት ኮር ነው፣ 9300ኤች አራት ነው። ካርዱ ብቻ ትንሽ ያንሳል። ፊደል ቢፋቅ ግድ የለህም። ጥጉ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን ማጠፊያው ጋ ከሆነ ተወው። ስክሪኑን ስትከፍትና ስትዘጋ ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ውድቀት አለበት፣ ቀስ እያለ ይሰፋል።

ሱቅ ስትሄድ የራስህን ፍላሽ ይዘህ ሂድ። ጂፒዩ-ዚ፣ ኤችደብልዩ ኢንፎ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እና ኸቨን ቤንችማርክን ጭነህበት ሂድ፣ ሁሉም በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ጂፒዩ-ዚ የካርዱን ትክክለኛ ስም ይነግርሃል። ክሪስታል የዲስኩን ጤና በመቶኛ ያሳይሃል። ባትሪውን ደግሞ ጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ ፓወርሲኤፍጂ ባተሪ ሪፖርት የሚለውን ትዕዛዝ ስጠው፣ ሲሠራ ስንት ዋት ሰዓት ነበር አሁን ስንት ይዛል ብሎ ያወጣልሃል።

ከሁሉም በላይ ግን ካርዱን በከባድ ምስል የሚፈትነውን ኸቨንን ክፈትና ሃያ ደቂቃ ተወው። ሻጩ "ይበቃሃል" ቢልህም አትነሳ፣ ቡና በለው። ኤችደብልዩ ኢንፎ ላይ ሙቀቱን እይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ላፕቶፕ አንበሳ ነው። እውነቱ የሚወጣው አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩ 90ዎቹ ውስጥ ቢገባ ለቀጭን ማሽን አልደነግጥም። 100 ላይ ተጣብቆ ፍሬሙ ሲወርድ ካየህ ግን ፔስቱ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቋል ወይ ፋኑ ታፍኗል። ያ በጥገና የሚድን ነው፣ ዋጋ ማስቀነሻ አድርገው። ስክሪኑ ላይ ቀለም ያለው መስመር ወይም ነጠብጣብ ከፈነዳ ግን ካርዱ ነው። ውጣ።

ሌላ፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከጎን እየው። ታችፓዱ ከፍ ብሎ ወይም የታችኛው ክዳን ተንፍሶ ከሆነ ባትሪው አብጧል። እሱ አደጋ ነው፣ ሳይቀየር አትውሰድ።

ቦርከና፦

ቻርጀሩንም እይ! ሥሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አባዛው። ለዚያ ማሽን 20 ቮልት በ6.75 አምፔር መሆን አለበት፣ 135 ዋት።

ዶሮ_መዝለያ፦

ቦርከና፣ ወላሂ ዱዓ አደርግልሃለሁ።

ሱቁ ገባሁ። ስንጥቁ ከፊት በኩል ነው፣ ማጠፊያው ጋ አይደለም። ጂፒዩ-ዚ ቲ1000 አለ፣ ዲስኩ ጤናው 91። ኸቨንን ከፈትኩት። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፣ ከዚያ ፍሬሙ በግማሽ ወረደ። ሙቀቱን ሳይ 68 ነው። ግራ ገባኝ፣ ሳይግል ለምን ይወርዳል? ባትሪውን ሳየው ተሰክቶ እያለ እየቀነሰ ነው። ያኔ የቦርከና ነገር ትዝ አለኝና ቻርጀሩን ገለበጥኩት። በታይፕ ሲ የሚሰካ ነው። 20 ቮልት፣ 3.25 አምፔር። 65 ዋት!

ሻጩ "ያው ቻርጅ ያደርጋል እኮ" አለኝ። ቻርጅስ ያደርጋል። ዋናውን አምጣ አልኩት፣ የለም አለ። እንግዲያው አልወስድም ብዬ ፍላሼን ነቀልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። ልጁን ጎረቤት ሱቅ ልኮ ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ያለውን 135 ዋት አስመጣ። እሱን ሰክቼ እንደገና ሃያ ደቂቃ አስኬድኩት። አሁን ፍሬሙ አልወረደም። ፕሮሰሰሩ 94 ድረስ ወጣ፣ ካርዱ 78። ባትሪው ከሠራበት ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል።

ሆጤ10፦

በር ላይ ሲደርሱ መጠራት የደሴ ሕግ ነው። ስንት ጨረስክ?

ዶሮ_መዝለያ፦

66 ከነ 135ቱ። ሙቀቱን አሳይቼው "ፔስት ማስቀየሪያ ቀንስ" አልኩት። ታይፕ ሲዋንም ለመንኩት፣ ለክፍል ትምህርት ቀላል ስለሆነች። በ500 ብር ጨመረልኝ። ደረሰኝ ላይ የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር አስጽፌያለሁ፣ የአንድ ሳምንት መሞከሪያም ሰጥቶኛል።

ሐይቅ_ዳር፦

ጎበዝ! ታይፕ ሲዋን ግቢ ይዘህ ሂድ፣ ትልቁን ማደሪያህ ተወው። በየቀኑ ሁለቱን አትሸከም።

የጦሳ_ጥላ፦

በጣም ጥሩ ገዝተሃል። 94 ላይ ግን አትተወው። ፔስቱን ሳታስቀይር በፊት በነፃ የሚሆነውን ሞክር። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 አውርደው። አንድ ቁጥር ብቻ ናት፣ ግን ቱርቦውን (ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን) ታጠፋዋለች። ሙቀቱ በደንብ ይወርድልሃል። ኤፍሲና ጂቲኤ ላይ የምታጣው ፍሬም ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚጨነቀው ካርዱ ነው። ሶሊድዎርክስ ላይ ከባድ ሲሙሌሽን ስትሠራ ወደ 100 መልሰው። የኤንቪዲያው መቆጣጠሪያ ላይ ደግሞ ከፍተኛ ፍሬም የሚለውን 60 አድርገው። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚሠራው ለፋን ጩኸት ብቻ ነው።

ጌም ከሰው ሃርድ ዲስክ ስትገለብጥ አንቲቫይረስ አጥፋ ቢሉህ እሺ አትበል። ግማሹ የምጠግነው ከዚያ የመጣ ነው። 512ቱ ቶሎ ይሞላል። ኤፍሲ ብቻውን 100፣ ጂቲኤም ወደዚያው ነው። ያ ማሽን ሁለተኛ ኤስኤስዲ መሰኪያ አለው፣ ብር ሲገኝ ትጨምርበታለህ።

ዶሮ_መዝለያ፦

99 አድርጌ ሞከርኩት። 81 ላይ ቆመ! ፋኑም ዝም አለ ማለት ይቻላል። ኤፍሲ በሚዲየም 60 ሳይነቃነቅ ይሄዳል፣ ዝናብ ያለበት ግጥሚያ ላይ ብቻ ትንሽ ይወርዳል። ፔስቱን ስንት ታስቀይረኛለህ? ሱቅህ ፒያሳ የት ጋ ነው?

የጦሳ_ጥላ፦

ኢንቦክስ ላኩልህ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ና፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋ አለ። ትልቁን ቻርጀር ይዘህ ና።

ሰኞ_ገበያ፦

ማስታወቂያዬን አስተካክያለሁ። ኮር አይ 7፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512፣ ኢንቴል ዩኤችዲ ግራፊክስ፣ ለቢሮና ለትምህርት። 58 ሺህ። የገራዶው አባት፣ ለልጅዎ ይሆናል፣ ኢንቦክስ ያድርጉልኝ።

የገራዶው_አባት፦

ፊደሉ ዩ ነው ኤች?

ሰኞ_ገበያ፦

ዩ ነው ጋሼ።

የገራዶው_አባት፦

እንግዲያው 54።